በዓምዱ ሥር የቆመው ሰው

ሥራ የጀመርኩ ቀን ጋሼ ተስፋይ የጥጥ ጓንት ሰጡኝ። «መስታወቱን በጠርዙ ያዢ፤ ምስል ያለበትን ፊት እንዳትነኪ» አሉኝ። አስመራ ተወልደው በአማርኛ የተማሩ፣ ዶቨር ከሚባለው የከተማው ሰፈር በአውቶቡስ የሚመጡ ሰው ናቸው። ወደዚህ ውጭ አገር ሳልመጣ ደሴ ፎቶ ቤት ሠርቼ ስለነበር እንደ ጀማሪ ማየታቸው ትንሽ ቅር አለኝ።

ሥራችን አልፎ አልፎ የድሮ የመስታወት ፎቶ፣ በብዛት ግን የነዳጅ ካምፓኒዎችን ካርታ ስካን ማድረግ ነበር። የነዳጅ ዋጋ ሲወርድ ካርታው ቀረ። ቦሳችን ካረን ጠርታን «ሌላ ሥራ ካልመጣ አንዳችሁን ሌይኦፍ አደርጋለሁ» አለች፤ ከሥራ ማሰናበቷ ነው።

ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ምን ቸገረሽ? በዚህ ምላስሽ የትም ትቀጠሪያለሽ።» ያን ቀን ምሳችንን ለየብቻ በላን።

ከዚያ ሚስተር ያኒ የሚባሉ ግሪካዊ አዛውንት ሣጥን ይዘው መጡ። ቅድመ አያታቸው ፎቶግራፍ ገና ብርቅ በነበረበት ዘመን የግሪክን ጥንታዊ ቤተ መቅደሶች በአህያ እየዞሩ ያነሱ ነበር። ሣጥኑ ውስጥ ያለው ፎቶ የሚታተምበት የመስታወት ነጋቲቭ ነው። «አንዱን ሥሩልኝ፤ ካማረኝ የቀረውን አመጣለሁ» አሉ።

መስታወቱን መብራት ላይ ሳደርገው ከአንድ ዓምድ ሥር ጭስ የመሰለ ነገር አየሁ።

«ጋሼ፣ ሻጋታ ይዞታል። ልጥረገው?»

ቀረብ ብለው አዩት። «ሻጋታ እግር አለው እንዴ? ሰው ነው፤ ሲያነሱት ተንቀሳቅሶ ነው።»

እውነትም ሰው ነበር። በዚያ ዘመን ሌንሱ ተከፍቶ ስለሚቆይ የተነቃነቀ ሁሉ ይደበዝዛል። ደሴ ሙሽሮችን «አትተንፍሱ» እያልኩ የኖርኩትን እኔን አሳዘነኝ።

ሚስተር ያኒ ግን ደውለው «ሰውየውን አጥፉልኝ» አሉ። ካረንም ደንበኛ እንዳይሄድባት «አጥፉት» አለች። ጋሼ «ሁለቱንም እናትምና እሳቸው ይምረጡ» ሲሏት ለማተሚያው ቀለም እየሳሳች ተስማማች።

አዛውንቱ ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን አድርገው ብዙ አዩ። ሰው የሌለበትን ገፋ አደረጉት። «ይሄ የሠርግ ኬክ ይመስላል።» በሌላው ላይ ሰውየው ከዓምዱ አጠገብ የክብሪት እንጨት ያክላል። «ቤተ መቅደሱ ለካ ይህን ያህል ትልቅ ነው!» አሉ።

«ማን ይሆን?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ባለ አህያው ሳይሆን አይቀርም።»

«አህያውን ቢያቆሙት ይሻል ነበር፤ እሱ አይነቃነቅም» አሉ ጋሼ።

የቀሩት ሣጥኖች መጡ። ለሁለት ሰው ሙሉ ሺፍት ግን አልበቁም። ካረን እንደገና ስትጠራን፣ አዲሷ ስለሆንኩ ተሰናባቿ እኔ መሆኔን አውቄ ጓንቴን አውልቄ ነበር የገባሁት። እሷ ሳትናገር ጋሼ ቀደሟት። «እዚህም ሰው አታጥፊ፤ ሺፍቱን ለሁለታችን አካፍይን።» ካረን እሺ አለች።

ገበያው እስኪያገግም በግማሽ ሺፍት ቆየን። ሥራ ሲያንስ ሰው ከመቀነስ ሰዓት መቀነስ ይቻላል። ግን አንድ ሰው አፍ አውጥቶ መጠየቅ አለበት።