ትራስ ስር የደበቅኩት ስልክ

ነገሩ የሆነው አምና፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ እዚሁ ሆሳዕና ቤቴ ውስጥ ነው። ሰው ልሰልል ብዬ የሰማሁት እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

እኔ ሰው ቶሎ አላምንም። ጨርቅ ነጋዴ ነኝ፤ ባለቤቴ ዘይነባ "አንተኮ ጥላህንም መታወቂያ ትጠይቃለህ" ትለኛለች። ልጃችን ሀያት ስምንት ዓመቷ ነው፣ ኦቲዝም አለባት። ትንሽ ሳለች አንድ ሰው "ሁለት ቋንቋ ግራ ያጋባታል፤ በአማርኛ ብቻ አናግሯት" ብሎ መከረን። ከሌሞ ገጠር መጥታ አብራን የምትኖረውን እናቴን በሀዲይኛ እንዳታናግራት ከለከልኳት። የእናቴ አማርኛ ከሰላምታ አያልፍም። ሀያትም ከ"ውሃ" እና ከ"እምቢ" ሌላ ቃል አልወጣትም።

አንድ ቅዳሜ ከዩኒቨርሲቲ ነኝ ያለች ወጣት ተመራማሪ ድምፅ መቅጃ ይዛ መጣች። የሀያት ትምህርት ቤት እንደሚያውቃት ደውዬ አረጋገጥኩ። እነሱንም አታልላ ቢሆንስ? የልጅ ቪዲዮ እየለቀቁ የሚለምኑ ስንት አሉ!

"ጋሼ፣ ስለ ኦቲዝም እስካሁን የተጠኑት አብዛኞቹ የትልቅ ከተማ ወንዶች ልጆች ናቸው" አለችኝ። "ቤታቸው ሀዲይኛ ወይም ከምባትኛ የሚሰሙ ልጆች፣ በተለይ ሴቶቹ፣ የሉበትም። እነሱ ሳይታዩ የሚሰጠው ምክር ደግሞ ለእነሱ ላይሆን ይችላል። ቤት ውስጥ በምን ቋንቋ ነው የምታወሩት?"

ልታጠምደኝ መሰለኝ። "በአማርኛ ብቻ" አልኩ። ቅር እያላት ጻፈች።

ፈቃዱን ፈረምኩላት። ሀያትን ከእናቴ ጋር ትቼ ሱቅ ደርሼ ልምጣ ብዬ ስነሳ ግን ስልኬን ድምፅ እንዲቀዳ ከፍቼ ትራስ ስር ወሸቅኩት። እኔ በሌለሁበት የምትለውን ልይዝባት ነው።

ከአንድ ሰዓት በኋላ በሱቄ በኩል አለፈች። "ሀያት ምንም አልተናገረችም፤ ነገ ወደ ዱራሜ እሄዳለሁ" ብላ ተሰናበተችኝ። ምን አስቸኮላት ብዬ ሮጬ ቤት ገባሁና ስልኩን ይዤ ጓሮ ወጣሁ።

የተመራማሪዋ ድምፅ ለስላሳ ነው፤ ሥዕል እያሳየች ትጠይቃለች። ሀያት ጭጭ። በመጨረሻ ተመራማሪዋ ተሰናብታ በሩ ሲዘጋ ይሰማል።

ወዲያው ሀያት በሀዲይኛ "አባቴ ሄደ?" አለች።

"ሄዷል" አለች እናቴ።

ከዚያማ ማን ያስቁማት! ሥዕሉ ላይ ያየቻት ላም ጥጃዋ የት እንደሆነ ትጠይቃለች፣ ሴትዮዋ ነገ ትመጣ እንደሆን ትጠይቃለች፣ ትስቃለች። ልጄ ስታወራ የሰማሁት ያኔ ነው። ከመጀመሪያው መልሼ ሰማሁት።

መጀመሪያ በእናቴ ተናደድኩ። ሄጄ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቅኳት።

"ድሮም አልተውኩም" አለች ሳትደነግጥ። "አንተ ስትኖር ዝም እንላለን፣ ስትወጣ እንጫወታለን።"

ዘይነባም ታውቅ ነበር። ሁሉን ስጠረጥር የኖርኩት ሰውዬ የገዛ ቤቴን ሳላውቅ ቀረሁ።

ባጃጅ ይዤ ተመራማሪዋ ወዳረፈችበት ፔንሲዮን ሄድኩ። ዋሽቼሻለሁ፣ ሰልዬሻለሁም አልኳትና ስልኩን ዘረጋሁላት። ፊቷ ተቀያየረ፤ ስልኩን ግን አልተቀበለችኝም።

"በድብቅ የተቀዳ አልወስድም፤ እናትዎን አስፈቅደን እንደገና እንሞክር" አለች። ቅጹ ላይ "አማርኛ ብቻ" የሚለውን ሰርዛ የዱራሜውን ጉዞ ለሌላ ቀን አስተላለፈች።

በማግስቱ ስትመጣ እናቴ አጠገባቸው ተቀመጠች። እኔም ሀያትን በሀዲይኛ ሰላም አልኳት። አያቷን አየች እንጂ አልመለሰችልኝም። ስወጣላቸው ማውራት ጀመረች።

ጥናቱ ምን እንደሚያመጣ አላውቅም፤ ቅጂውን ማን እንደሚሰማው ሦስት ጊዜ ጠይቄአታለሁ፣ አሁንም እጠይቃታለሁ። ከሁሉ የሚያመኝ ግን ያ "አባቴ ሄደ?" የሚለው ነው። አሁን ከሱቅ ስመለስ ከመግባቴ በፊት ደጅ ሆኜ በሀዲይኛ እጣራለሁ። አንዳንድ ቀን ጨዋታቸው ይቋረጣል። አንዳንድ ቀን ደግሞ አይቋረጥም፤ ያን ቀን ቶሎ አልገባም፣ በሩ ላይ ቆሜ እሰማታለሁ።