የረጠበው ምንጣፍና አማቴ

አማቴን ይዤ ከጎንደር ወደ ደባርቅ ስነዳ፣ ከእግራቸው ሥር ያለው ምንጣፍ ራሰ። መቼም እንደኔ መኪና የሚያውቅ የለምና የውሃውን ምንጭ ወዲያው ደረስኩበት፤ አሮጊቷ አምልጧቸዋል! ግን አማት እንዴት ተደርጎ ይጠየቃል? አምባ ጊዮርጊስ ላይ አቆምኩና፣

«እማማ፣ ወረድ ብለው ውሃ ሽንት አይሉም?» አልኳቸው።

«እኔስ ደኅና ነኝ፤ አንተ ውረድ ልጄ» አሉኝ።

ዳባት ስንደርስ ደግሜ ጠየቅሁ። በሐዘኔታ አዩኝና ስልካቸውን አወጡ። ያፈሩ መስሎኝ፣ ጨዋ ነኝና ከመኪናው ወርጄ ፊቴን አዞርኩላቸው።

ደባርቅ መግቢያ ላይ ሞተሩ ጋለ። የጠራሁት መካኒክ ምንጣፉን ዳሰስ አድርጎ፣ «የራዲያተር ውሃ ነው፤ የማሞቂያው ቱቦ ተቀዶ ወደ ውስጥ እየፈሰሰ ነው» አለ።

አማቴ ደንግጠው አፋቸውን ያዙ።

«ምነው እማማ?»

«በየከተማው ሽንት ሽንት ስትል ፊኛህን የታመምክ መስሎኝ ለሚስትህ ደወልኩላት። ጠበል ሊወስድህ ዘመዱ ሁሉ ተሰብስቦ እየጠበቀህ ነው!»