ሁለት ተኩል ለመሙላት የጎደሉ ሃያ ሰከንዶች

ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡30። አርፍጄ ቢሮ ገባሁ። ይህን ያለው የጣት አሻራ የሚቀበለው ማሽን ነው፤ የእኔ የእጅ ሰዓት ገና 2፡29 ይል ነበር።

ሰንጋ ተራ ላለው የዜና ክፍላችን የሰዓት ደንቡን ያረቀቅኩት እኔው ራሴ ነኝ። «ሁለት ተኩል ላይ የገባ አርፍዷል፤ በሳምንቱ አንዴ ያረፈደ በቀጣዩ ሳምንት መስክ አይወጣም» ብዬ ጽፌ አስፈርሜያለሁ። በቀጣዩ ሳምንት ደግሞ የአርባ ምንጭ ጉዞ ነበር። እዚያ ስላሉት የሐይቅ ዓሣ አስጋሪዎች ልዘግብ ብዬ ከክረምት ጀምሮ አለቃችንን ስለምን የከረምኩትም እኔ ነኝ።

ዓርብ የሳምንቱ ዝርዝር ሲወጣ በስሜ ትይዩ ሁለት ቀይ ምልክት አየሁ፤ ማክሰኞና ሐሙስ።

«ጋሼ፣ ዓሣዎቹን ሰላም ልበልልህ?» አለኝ ካሜራማናችን።

«ሁለቱም ስህተት ነው» አልኩ። «መጀመሪያ አጣሩ» እያልኩ ባልደረቦቼን ያሰለቸሁ ሰው፣ ምንም ሳላጣራ።

የዳታቤዝ ባለሙያዋ ጋ ሄድኩ። ማሽኑ የሚመዘግበው በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ ወደ ሐበሻ ሰዓት የሚቀይረውን ፕሮግራም የጻፈችው እሷ ናት። ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። ማክሰኞ፣ 8 ሰዓት ከ29 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ።

«ይኸው፣ ሃያ ሰከንድ ቀድሜያለሁ።»

«ፕሮግራሙ ስድስት ሰዓት ይቀንስና ሰከንዱን ወደሚቀርበው ደቂቃ ያጠጋጋዋል» አለች። «አርባ ሰከንድ ስለሆነ 2፡30 አደረገብዎት። ሰከንዱን ቆርጦ መተው ነበረበት። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ይቅርታዋን በታላቅ ቸርነት ተቀበልኩ። ከዚያም አለቃችን እንድትሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ ስለ ትክክለኛነት ንግግር አደረግኩ፤ ሃያ ሰከንድ የሰው ስም እንደሚያጠፋ ሁሉ ተናገርኩ። ካሜራማኑ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

ባለሙያዋ ፕሮግራሙን አስተካክላ ዝርዝሩን እንደገና አወጣችው። የማክሰኞው ቀይ ጠፍቷል።

«ሐሙስስ?»

«የሐሙሱን ማጠጋጋቱ አልነካውም፣ ጋሼ።»

ሐሙስ ጠዋት ከጌጃ ሰፈር ስመጣ መንገዱ ተቆፍሮ በሌላ በኩል እንደዞርኩ ያኔ ትዝ አለኝ። በደንቡ ውስጥ ስለ ቁፋሮ የጻፍኩት ነገር የለም።

ካሜራማኑ ሰኞ ከሌላ ዘጋቢ ጋር ወደ አርባ ምንጭ ሄደ።

ሐሙስ ቢሮ የገባሁት ከጠዋቱ 2፡34 ነው።