ትኩስ ትምባሆ ወደ አጋሮ

አዴ ዘሃራ ትምባሆ ቤት ሥራ የጀመርኩ ቀን ከጧት እስከ ምሳ አነጠስኩ። ሥራዬ ደረቁን የትምባሆ ቅጠል ከአውራ ጅማቱ መዘንጠል ነበር። አዴ ማለት እኛ ጋ ወይዘሮ እንደማለት ነው፤ የቤቱ ባለቤት እሳቸው ናቸው። በሩ ላይ ቆመው አዩኝና፣ «ማሎ! ይቺ ልጅ ትምባሆውን ልትሠራው ነው ልታባርረው የመጣችው?» አሉ። የጅማ ሄርማታ ገበያ ባለሱቅ ሁሉ ሳቀብኝ።

እናቴ ከመንዝ የመጣች፣ ጾም የማታጓድል ሴት ናት። በሰፈራችን በሰቶ ሰመሮ ለጎረቤቶቿ «ብርቄ ቅመም ቤት ተቀጥራለች» ትል ነበር። ኮረሪማም ስለምንሸጥ ውሸቷን ነው አይባልም። ቀሚሴን ግን ቤት ሳልገባ ውጭ ታሰቅለኝ ነበር።

ሥራው ደረጃ ነበረው። ጀማሪ ዘንጣይ ይሆናል። ሲጠነክር ሙቀጫ ላይ ይወጣና ወቃጭ ይባላል። ከዚያ ለዋሽ ነው። ከሁሉም በላይ አሽታች አለ፤ እሱም አዴ ዘሃራ ብቻ ነበሩ። እፍኝ ትምባሆ ያነሳሉ፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ ያሸታሉ፣ ከዚያ «ይሂድ» ወይም «ይደፋ» ይላሉ። ይግባኝ የለም።

የምንሠራው ለጋያ ነበር፤ ሽማግሌዎች ውሃ ባለበት ቅል እየሳቡ ለሚያጨሱት። ትምባሆው ይወቀጣል፣ በውሃ ይለወሳል፣ ይድቦለቦላል። እንደደረቀ ይሸጣል።

መንግሥት ተለውጦ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ፣ እኔም ለዋሽ ሆኜ ሳለ፣ ከዱባይ ሺሻ የሚባል መጣ። በፕላስቲክ ዕቃ የታሸገ፣ ፖም ፖም የሚል ትምባሆ። ወጣቱ ጋያን ረሳው። ትልቁ ደንበኛችን አባ ፊጣ ነበሩ፤ አጋሮ ሻይ ቤት አላቸው፣ ጓዳቸው ውስጥ የቡና ነጋዴ ሲያጨስ ይውላል። አንድ ቀን መጡና፣ «አዴ ዘሃራ፣ ልደብቅዎ አልፈልግም። ሰው የሚጠይቀኝ ያንን ሽታ ያለውን ነው። እናንተ ከሌላችሁ ከዱባዩ አዝዛለሁ» አሏቸው።

እሳቸው ሲወጡ አዴ ዘሃራ ሙቀጫው ላይ ተቀመጡ። «አባ ፊጣ ከሄዱ ቤቱን ዘግቼ ሊሙ ልጄ ጋ እገባለሁ» አሉ። እኔ ሊሙ ልጅ የለኝም። ያለኝ ይኸው ሥራ ብቻ ነበር።

«እኛስ ለምን አንሠራውም?» አልኩ።

አንድ የሺሻ ዕቃ ገዝተን ገለበጥነው። ቅጠሉ የራሰ፣ ጣት ላይ የሚጣበቅ ነው። ማር አለበት አልን፤ ማር ከጌራ አስመጣን። ወዙ የግሊሰሪን ነው አልን፤ ግሊሰሪን እዚያው ጅማ መርካቶ ካለ ኮስሞቲክስ ቤት ልገዛ ተላክሁ። ደጋግሜ ስመላለስ ባለሱቁ አዝኖ፣ «እህቴ፣ ቆዳሽን ሐኪም አይቶታል?» አለኝ። ፖም ከየት ይመጣል? የብርቱካን ልጣጭና የተፈጨ ኮረሪማ ጨመርን።

እዚህ ላይ ነው የጅማ ሰውነታችን ጉድ የሠራን። ጅማ ውስጥ የምንወደው ሁሉ የዕለቱን ነው። ጫት የዛሬ ካልሆነ ማን ያየዋል? የትናንቱ ለፍየል ነው። እኛም ትምባሆውን ጎህ ሲቀድ ለወስን፣ በዱቄት ወተት ጣሳዎች ሞላን፣ እኔም በመጀመሪያው ሚኒባስ ወደ አጋሮ ተሳፈርኩ። አዴ ዘሃራ፣ «ሩጪ ኢንታሎ፣ ሩጪ ልጄ፣ ፀሐይ ሳይወጣ!» እያሉ መናኸሪያ ድረስ ሸኙኝ። ትምባሆው እንደ ጫት የሚጠወልግ ይመስል።

«የዛሬ ነው?» አሉኝ አባ ፊጣ።

«የዛሬ ጧት ነው» አልኩ ኮራ ብዬ።

ተለኮሰ። መጀመሪያ የሳበው ወፍራም የቡና ነጋዴ ነበር። ሳለ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ ደግሞ ሳለ። «ኮረሪማው ጉሮሮዬን ቧጨረው! ማሩ የታለ?» አለ። ሁለተኛው ሳበና፣ «ሳሙና ሳሙና ነው የሚለው» አለ። እውነታቸውን ነበር። ሁሉም ነገር ለየብቻው ይጮሃል፤ ማሩ ደግሞ ጭራሽ የለም።

አባ ፊጣ ጣሳዎቹን አንድ በአንድ ከድነው መለሱልኝ። «ልጄ፣ አዴ ዘሃራን ሰላም በይልኝ» ብቻ አሉ። ከአጋሮ እስከ ጅማ እያለቀስኩ ተመለስኩ፤ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ሰው የሞተብኝ መስሏቸው ነፍስ ይማር አሉኝ።

አዴ ዘሃራ አሸተቱትና፣ «ይደፋ» አሉ።

«የጌራ ማር እኮ ነው፣ እንዴት ይደፋል?» አልኳቸው።

«እንግዲያው ከዓይኔ አርቂው።»

ከኮረሪማው ጆንያ ኋላ ወሸቅኩት። ክረምቱ ገባ። የቤታችን ገበያ ቀዘቀዘ። አዴ ዘሃራ ሙቀጫውን ለጎረቤት ሰጡ፣ ወደ ሊሙም መልእክት ላኩ። እኔ ሌላ ሥራ መጠያየቅ ጀመርኩ፤ ሁሉም ትምባሆ ከመለወስ በቀር ምን ትችያለሽ ይሉኛል።

አንድ ቀን ኮረሪማ መያዣ ጣሳ ቸገረኝና ከተወሸቁት አንዱን ከፈትኩ። መጀመሪያ ማር መጣ። ከኋላው ብርቱካን ተከተለ። ኮረሪማው መጨረሻ ላይ፣ ቡና ውስጥ እንደገባ ያህል፣ ለስለስ ብሎ ቀረ።

«አዴ ዘሃራ፣ ይምጡ!»

«ምንድነው፣ እባብ ነው?»

እፍኝ አነሱ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። አሸተቱ። «ወላሂ ይሄ የእኛ አይደለም» አሉ።

«የእኛ ነው። ያው ነው።»

«ማን ምን ጨመረበት?»

«ማንም አልነካውም።»

እንደገና አሸተቱ። ከዚያ በጣም ቀስ ብለው፣ «ይሂድ» አሉ።

ወደ አጋሮ ልወስደው ስወጣ ግን እጄን ያዙኝ። «ሱታ፣ ቀስ ብለሽ ስሚኝ። አባ ፊጣን ያንኑ የመለሱትን ነው እንዳትዪያቸው። ሰው የመለሰውን እቃ መልሶ ማቅረብ ንቀት ነው። አዲስ ነው በይ።» እሺ አልኩ።

አባ ፊጣ ለወጉ ያህል ለኮሱት። ያው ወፍራም ነጋዴ ሳበ። አልሳለም። ደግሞ ሳበ። ሌሎቹ እጃቸውን ቢዘረጉም ቧንቧውን አልለቅ አላቸው።

አባ ፊጣ ዓይናቸውን አጥብበው አዩኝ። «የዱባዩን ቀላቅላችሁበታል አይደል?»

ይሄ አናደደኝ። ወር ሙሉ ያለቀስኩበትን ትምባሆ ለዱባይ ይሰጡብኝ? «አባ ፊጣ፣ እርስዎ የመለሱት ራሱ ነው» አልኩ። «አንዲት ነገር አልጨመርንበትም። ተቀመጠ፣ በቃ።»

አለቀልን አልኩ በሆዴ።

«እኔ የመለስኩት?»

«እርስዎ የመለሱት።»

ጣሳውን አንስተው አሸተቱት፣ አገላብጠው አዩት። «እንግዲያው ከእንግዲህ እኔ ከምመልሰው ራሳችሁ መልሱትና አስቀምጡት!» ብለው ሳቁ። ነጋዴዎቹም ሳቁ። እኔ ግን እንባዬ መጣ። አባ ፊጣ የዓመቱን ትምባሆ ከእኛ ሊወስዱ ተስማሙ። አዴ ዘሃራ ሙቀጫቸውን ከጎረቤት አስመለሱ፣ ሊሙም ያለችው ልጅ እናቷን በእንግድነት ብቻ አየቻቸው።

ከዚያ በኋላ ሥራውን እንደገና ተማርነው። በመጀመሪያው ሳምንት ኮረሪማው ብቻውን ነው የሚናገረው። ወር ሲጠጋ ማሩ ይወጣል። በጣም ከቆየ ብርቱካኑ ይሞትና ማሩ መኮምጠጥ ይጀምራል፤ ያንን አዴ ዘሃራም አያድኑትም። ክረምት ላይ ይዘገያል፣ በጋ ላይ ይፈጥናል። በየጥቂት ቀኑ ከፍቶ ማማሰል ያስፈልጋል፣ አለበለዚያ ጉሮሮ የሚቧጭረው ነገር ውስጡ ታፍኖ ይቀራል።

አዴ ዘሃራ ሲደክሙ አሽታች ሆንኩ። ጭስ ጤና እንደማይሰጥ ዛሬ ሁሉም ያውቃል፤ እኔም ሥራውን ከተውኩት ቆየሁ። አሁንም ግን ማርም ሆነ ቅመም ከሌላ ነገር ጋር የምትለውሱ ልጆች ስትጠይቁኝ የምላችሁ አንድ ነው። ተመልሶ የመጣባችሁን እቃ፣ ቆይታችሁ ሳታሸቱት አትድፉት።