የመመለሻ ነዳጅ

«መመለሻሽስ የታለ?»

አባቴ ነው የጠየቀኝ። ዛሬ ከሰመራ የተሳፈርኩበት አውቶቡስ አዋሽ ለምሳ ሲቆም ሊሸኘኝ መጥቶ የአውሮፕላን ትኬቴን አገላብጦ አየው።

ነገ ዱባይ እገባለሁ። መሄጃ ብቻ ነው የቆረጥኩት፤ ቪዛዬም የጉብኝት ነው።

«ሥራ ሳገኝ ይቀየራል፣ አባ» አልኩት። (ይቀየራል ያለኝ ደላላ ራሱ ከሎጊያ ርቆ አያውቅም።)

አባቴ የጂቡቲ መስመር ሹፌር ነበር። «እኔ የመመለሻ ነዳጅ ሳልይዝ ድንበር ተሻግሬ አላውቅም» አለና ትኬቴን መለሰልኝ።

ልንነሳ ስንል ወደ አውቶቡሱ ሹፌር ሄደ። «ይቺ ልጄ ናት፤ መልኳን ያዝልኝ። ስትመለስ አንተው አምጣልኝ።»

«እሺ ጋሼ። መቼ ነው የምትመለሰው?»

አባቴ ዞሮ እኔን አየኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

መሄጃ ብቻ ቆርጣችሁ የወጣችሁ፣ ይህን ስትጠየቁ ምን ብላችሁ መለሳችሁ?