ከኬኩ በላይ የተሰቀለው ሰማያዊ መብራት

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ፣ እዚሁ ፒያሳ ነው። ዛሬም በዚያ ኬክ ቤት ደጃፍ ባለፍኩ ቁጥር እንትፍ ማለት ያምረኛል።

የኤሌክትሪክ ጥገና ሠራተኛ ነኝ። የኬክ ቤቱ ባለቤት ደውሎ «የዝንብ መግደያው መብራት ሰንፏል፤ ነይና እይው» አለኝ። ቤቱ ወደ አትክልት ተራ በሚወርደው መንገድ ዳር ነው። ክረምቱ ሲወጣ የዝንቡ ነገር አይጣል ነው።

ስገባ መብራቱ የተሰቀለው ባንኮኒው ላይ ከተደረደሩት ኬኮች አናት ነው። ኬኮቹ ክዳን እንኳ የላቸውም።

«ጋሼ፣ እዚህ መሆን የለበትም» አልኩት። «ዝንብ ሽቦውን ስትነካ ትፈነዳለች፤ ብጥስጣሿ ኬኩ ላይ ነው የሚወርደው። ምግብ የሌለበት፣ ጨለም ያለ ጥግ ይሻላል።»

ሳቀብኝ።

«ደንበኛ እንዲያየው ብዬ ነው የሰቀልኩት። ጓዳ ከገባ ንጽህናዬን ማን ያውቅልኛል? ይልቅ አምፖሉን ቀይሪና ሂጂ፣ እህቴ።»

«እህቴ» ያለኝ በፍቅር እንዳይመስላችሁ።

ቀየርኩለት። መብራቱ ቦግ ሲል ዝንቡ ይንጋጋ ጀመር። ጠሽ! ጠሽ! መሰላሉ ላይ ሆኜ ሳይ ክንፉና እግሩ ነጩ ክሬም ላይ ይረግፋል።

ይኼኔ ነጠላ ያጣፉ አንዲት እናት ገቡ። «ለልጅ ልጄ ልደት ነው» አሉና ያንኑ ነጩን ኬክ መረጡ። ባለቤቱ ያየሁትን አይቷል። ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ኬኩን አንስቶ ካርቶን ውስጥ አስገባ።

ዝም አልኩ። ሰውዬው ሌሎች ሁለት ኬክ ቤቶች አሉት፤ የሦስቱንም ጥገና የምሠራው እኔ ነበርኩ። ካርቶኑ ሲከደን ግን አላስቻለኝም።

«እማማ፣ እሱን አይውሰዱ! ዝንብ ረግፎበታል።»

ፊቱ በርበሬ መሰለ። «አንቺን ማን ጠየቀሽ?» ብሎ ካርቶኑን ከፈተ፤ ላዩን በቢላዋ ላጥ ላጥ አደረገና ቸኮሌት ነሰነሰበት። «ይኸው እማማ፣ ንጹሕ ነው። እሷ ስታጋንን ነው።»

እማማ ኬኩን አዩ፤ እሱንም አዩት።

«እስቲ ቅመስልኝ፣ ልጄ።»

«ስኳር አለብኝ፣ ጣፋጭ አልችልም።»

«ዝንቡንም ሐኪም ከልክሎሃል?»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ጥግ ላይ የነበሩ ሁለት ተማሪዎች ግን አልሳቁም፤ የጀመሩትን ኬክ ገፋ አድርገው ተነሱ። ባለቤቱ እኔንም «ሁለተኛ እዚህ ደጃፍ እንዳላይሽ!» ብሎ አባረረኝ።

እማማ ኬኩን ትተው ወጥተው፣ ውጭ ጠብቀውኝ ኖሯል። እጄን ይዘው መረቁኝ። ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።

መብራቱ ዛሬም እዚያው ኬኩ አናት ላይ ነው። ሰውዬውም ከሥሩ ተቀምጦ ይሸጣል። የሦስቱም ቤት ሥራ ቀረብኝ፤ ለዚያ አላዝንም። የሚቆጨኝ ካርቶኑ እስኪከደን መቆየቴ ነው። ያን ሰው እንቀዋለሁ። ለዚያች ጥቂት ጊዜ ግን እኔም ከእሱ አልተሻልኩም።