ጫማዬ ውስጥ ስንት ሰው ነበር?

"ልጄ፣ እዚህ ጫማ ውስጥ ስንት ሰው ነው ያለው?" አሉኝ ዛሬ ፒያሳ ያሉት ጫማ ሠሪ ጋሽ ኑሩ።

ነገ እንግዶች ይዤ ለሦስት ቀን ሰሜን ተራሮች እወጣለሁ። ባለፈው ጉዞ ቁልቁለቱ ላይ የአውራ ጣቴን ጥፍር አስረክቤ ነው የተመለስኩት።

የተራራ ጫማዬ ከላይ እግሬን ይጨመድደዋል፣ ከኋላ ደግሞ ተረከዜ ይወጣል። መፍትሔው ወፍራም ስፖንጅ ሶል መጨመር ነው ብዬ ሄድኩ።

"ምነው! ስፖንጅ ለፍራሽ ነው። መጀመሪያ ውስጡን ልየው" አሉና እጃቸውን ሰደዱ።

አንድ ስፖንጅ ወጣ። ቀጥሎ የብርድ ልብስ ቁራጭ። ከዚያ የፓስታ ካርቶን፣ ጽሑፉ እንኳ ይነበባል! የፋብሪካው ሶል ከሁሉም ሥር ተኝቷል።

ጫማው ከአንድ ቱሪስት ተነስቶ ከአስጎብኚ ወደ አስጎብኚ ሲዞር ነው እኔ ጋ የደረሰው። ቁጥሩ አርባ አምስት ስለሆነ ሁላችንም "ሰፋኝ" እያልን ጨመርንበት፤ የቀደመውን ያወጣ የለም። (ስፖንጁ የእኔው ነው። ረስቼው ነበር።)

ጋሽ ኑሩ ሁሉንም አውጥተው አንድ ጠንካራ ሶል ብቻ አስገቡ፦ መሃሉ ከፍ ያለ፣ ተረከዝ የሚይዝ። ደረጃውን ሦስት ጊዜ ወጣሁ፣ ወረድኩ። ተረከዜ ንቅንቅ አላለም!

ጫማውን ላወረሱኝ ለአንጋፋው አስጎብኚ ለአያ ደሴ ደወልኩ።

"ካርቶኑ የእኔ ነው" አሉ። ቀጥለውም፣ "እኔ እኮ ሁለት ጥፍር ነው የሰጠሁት!"

እናንተስ? እስቲ ጫማችሁን አራግፉና ያገኛችሁትን እዚህ ጻፉልኝ። የራሳችሁ ቢሆንም አንስቅም።